አለቃ ያልነዳት ጀልባ

ጀልባዋን መጀመሪያ ያየናት በቆሎ እርሻ መሐል፣ ጎተራ ውስጥ ነው። ከኮሎምበስ አጠገብ ካለችው ጋሃና ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ይሸጣል ሲሉኝ ለጋራዤ ይሆነኛል ብዬ ሄድኩ። አለቃ ቅዳሜ ሥራ ስለሌለው አብሮኝ መጣ። ሽማግሌው ኮምፕሬሰሩን ሊያሳየን የጎተራውን በር ገፋ ሲያደርገው ሃያ ስምንት ጫማ የምትረዝም የብረት ጀልባ ትሬለር ላይ ተቀምጣ አየን። ዝገት በልቷታል፤ የመሪው ክፍል ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርቶባታል። የሽማግሌው አባት ኤሪ ሐይቅ ላይ መረብ እየጎተተ ዓሣ ያጠምድባት ነበር። አለቃ ነገር ዓለሙን ትቶ ወደ እሷ ሄደና መዳፉን ሆዷ ላይ አሳረፈ። እኔም ኮምፕሬሰሩን ሳልገዛ ተመለስኩ። በሳምንቱ ጀልባዋ ከጋራዤ ጀርባ ቆማ ነበር።

አለቃ ስሙ አይደለም። ባሕር ኃይል ሳለን የመርከባችን የሞተር ክፍል አለቃ ነበር፤ እኔ ደግሞ ገና ጢሜ ያልጠና፣ ላይ ገመድ የምጎትትና ወለል የምጠርግ ምልምል። መንግሥት ሲወድቅ ከአሰብ ወጥተን የመን እስክንደርስ እሱ ታች ሞተሩን ሲያባብል እኔ ላይ ቆሜ ነበር። ከታች ምንም አይታይም። በድምፅ ማስተላለፊያው ቱቦ "ምን ይታያል?" እያለ ይጠይቀኛል፣ የማየውን እነግረዋለሁ። እሱ የማያየውን መንገር በዚያው የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ። የመን ካምፕ ውስጥ "ከእንግዲህ አንተ በለኝ" ብሎ አዘዘኝ፤ አለቃ የሚለውን ግን ሊያስተወኝ አልቻለም። ኮሎምበስ ከገባን በኋላ እሱ ኢስትሙር የሚባል ሠፈር ቤት ገዛና መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳ ጀመር። እኔ ከሚነርቫ ፓርክ አጠገብ የናፍጣ መኪና የምጠግንበት ጋራዥ ከፈትኩ።

የሞተር ክፍሉ ጆሮውን ወስዶበታል። የቀኙ ጭራሽ አይሰማም፤ የግራውም ሰው ጠጋ ብሎ ረጋ አድርጎ ካላናገረው አይሰማም። እንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። "ፈረንጅ ሲያወራ አፉን አይከፍትም" ብሎ ያማርራል። ስለዚህ ባንክ ሲሄድ፣ ኢንሹራንስ ሲሄድ፣ የሴት ልጁ ትምህርት ቤት ሲጠራ፣ ግራ ጆሮው ሥር ሆኜ የምተረጉምለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ "እውነት እንደዚህ ነው ያሉት?" ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ጀልባዋ ምን ልታደርግለት እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጥቷል። ለባለቤቱ "ለጡረታዬ ነው" አላት። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለሚያሾፉበት ሰዎች "ለሁዳዴ ትኩስ ዓሣ አቀርብላችኋለሁ" አለ። ወዲያው ግቢው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ዓሣ በጾም ይበላል ሲል ግማሹ እግዚኦ አለ። አለቃ "ለሚበላው እሸጣለሁ፣ ለማይበላው ጸሎት እጠይቃለሁ" ብሎ አሳቃቸው። ሐይቁ በሁዳዴ ወራት በረዶ እንደሚሠራ የነገረን በኋላ ያ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ሁለት መርከበኞች ነን ባዮች ይህንን ሳናስብ ጀልባ ገዝተናል። አለቃ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም። "ፍልሰታ አለችልን፤ ነሐሴ ላይ በረዶ የለም" አለ።

ለእኔ የነገረኝ ግን ሌላ ነው። አንድ እሑድ ዝገት ስንፍቅ ውለን ደክሞን ቁጭ ብለን ሳለ፣ "አሥራ አራት ዓመት መርከብ ላይ ስሠራ መርከቡ ሲሄድ ባሕሩን አይቼው አላውቅም" አለኝ። "ወደብ ስንደርስ ነው የምወጣው። አንድ ቀን መሪውን ራሴ ይዤ፣ ውሃው ከፊቴ ሲከፈት ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ከፈለግህ ሽጣት።" ይህንን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ እንባ ሲመጣብኝ መቀለድ ስለሚቀናኝ "ፎርክሊፍቱስ መሪ የለውም እንዴ?" አልኩት። በያዘው ጨርቅ ጀርባዬን መታኝና ወደ ሥራችን ተመለስን።

ያንን የብርድ ወራት በሙሉ ሠራን። ሆዷ የሳሳበትን ቦታ እየቆረጥኩ አዲስ ብረት በየድኩላት። አለቃ ሞተሩን ጋራዥ ውስጥ አስገብቶ ብሎን በብሎን ፈታታው። የአሠራሩ ነገር ያናድደኝ ነበር። እኔ የሰው መኪና ቶሎ ጨርሼ ማስረከብ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ እሱ እያንዳንዷን ዕቃ በናፍጣ አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ካርቶን ላይ በፊደል ተራ ይደረድራል። ከሀ ጀምሮ ይጽፍባታል። ሳይነካ የሚያልፋት ዕቃ የለችም። ስነጫነጭበት "ባሕር ላይ ጋራዥ የለም" ይለኛል። ያም ሆኖ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እሑዴን የማሳልፍበት ቦታ አግኝቻለሁ።

ሁዳዴ ገባ። አለቃ ጾም አጥባቂ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም። በየሳምንቱ ቱታው እየሰፋው ሲሄድ አየሁ፣ ሁላችንም አየን። ማንም ምንም አላለም። እንዲያውም ቤተ ክርስቲያን ያገኙት ሰዎች "ሁዳዴ እንዴት አሳመረህ" ይሉት ነበር፣ እሱም ቀበቶውን እያጠበቀ ይስቃል። ሆዱን ሲቆርጠው ጨጓራዬ ነው ይላል፤ እኛም ጨጓራው ነው አልን። እኛ ዘንድ ጨጓራ የሌለበት ሰው የት ይገኛል? ሰው ከሳ ጾም ነው፣ ሆዱን አመመው ጨጓራ ነው። ለፋሲካ ዶሮው ቀርቦ አለቃ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ እጁን ሲሰበስብ ነው ባለቤቱ ከገበታው ማዶ አተኩራ ያየችኝ።

ባለቤቱን እትዬ ነው የምላት። ከአለቃ ጋር የመን የተጋባች፣ በቁጣዋ ሁሉንም የምታስተዳድር፣ በእጇ ያልበላሁበት ሳምንት የሌለ ሴት ናት። እሷ ናት እየጎተተች ሐኪም ቤት የወሰደችው። በጉሮሮው ካሜራ አስገብተው አዩት፣ ናሙና ወሰዱ። ስልክ ስለማይሰማ ፎርሙ ላይ ያስመዘገበው የእኔን ቁጥር ነበር። ሐኪሙ ኮል ያደረገልኝ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ሳለ ነው። የጨጓራ ካንሰር ነው አለኝ፤ ጉበቱ ላይ ደርሷል። ሕክምናው ሥቃይ ከመቀነስ ብዙም አያልፍም። ስንት ጊዜ አለው ብዬ ጠየቅሁት። በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ ግን ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት፣ ሳያልፍ አይቀርም፣ ከዚያ ወዲያ ግን ተስፋ አልሰጥህም አለ። ከመኪናው ሥር ለመውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ለእትዬ ነገርኳት። ኢስትሙር፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመን ነበር። አላለቀሰችም። ክንዴን ጨምድዳ ይዛ "እንዳትነግረው" አለችኝ።

"እትዬ፣ ሐኪሙ ይነግረዋል እኮ።"

"አንተ አይደለህም የምትተረጉመው? ወንድሜን አዲስ አበባ ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረው። በእግሩ ሄዶ ገብቶ በሳምንቱ ቀበርነው። ሰው በተስፋ ነው የሚቆመው። ጨጓራ ነው በለው። ጠበል አስጠምቀዋለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ለልጅቷም እንዳትነግራት፤ እሷ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ሆዷ ነገር አይችልም።"

አሁን ላይ ሆኜ እትዬን ልወቅሳት እችላለሁ፣ ግን አላደርገውም። ያደግንበት ነገር ነው። እናቴ ስትሞት እኔ ያወቅሁት በወሩ ነው፤ ያውቁ የነበሩት ጓደኞቼ አንድ ወር ሙሉ አብረውኝ እየበሉ እየጠጡ ምንም አልተነፈሱም፣ መርዶውን ሲያረዱኝም አመሰገንኳቸው። ክፉ ነገር ከሰው ላይ ማዘግየት ደግነት ነው ብዬ አምን ነበር። "እሺ" አልኳት፤ የምወደውን ሰው እየጠበቅሁት መሰለኝ።

የቀጠሮው ቀን መጣ። ሐኪም ቤቱ በስልክ አስተርጓሚ ሊያቀርብ ነበር፣ አለቃ ራሱ እምቢ አለ። "ወንድሜ እዚህ ተቀምጦ ከማላውቀው ሰው ጋር በስልክ ምን አነጋገረኝ? ደግሞስ መቼ ይሰማኛል?" አለ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ ሰው። ወረቀቱን ከመግለጡ በፊት ወደ አለቃ ዞሮ ረጋ ብሎ ጠየቀው፦ ስለ ሕመምህ ሁሉንም ነገር ራስህ መስማት ትፈልጋለህ፣ ወይስ ለቤተሰብህ ብነግራቸው ትመርጣለህ? እንደምትፈልገው አደርጋለሁ የሚል ፊት ነበረው። አለቃ ወደ እኔ ዞሮ ግራ ጆሮውን አቀረበልኝ።

"መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ ለአንተ ላስረዳህ ወይስ ለእሱ ላስረዳው ነው የሚልህ" አልኩት።

"ለእሱ ንገረው በለው፤ እኔ ምን ይገባኛል" አለና ሳቀ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ሐኪሙ ዞርኩ። ለቤተሰቤ ንገራቸው ብሏል አልኩት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፣ የሆነ ነገር ጻፈ። ከዚያ ወዲያ የተባለው ሁሉ ለእኔና ለእትዬ ተባለ። አለቃ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሆድ ዕቃ ሥዕል ሲያይ ቆየ፣ ስንወጣም "የሰው ሆድ ለካ እንደዚህ የተጨናነቀ ነው። ከሞተር ክፍል አይሻልም" አለኝ።

ሰኔ ላይ ሞተሩን ገጣጥመን አስነሳነው። ጋራዡ በር ላይ በቧንቧ ውሃ እየሰጠነው፣ ከሁለት ሙከራ በኋላ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሣ። ሠፈርተኛው ሁሉ ወጥቶ አየን። ሃያ ደቂቃ ያህል ሠራ። አለቃ መዳፉን ሞተሩ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ጆሮው የማይሰማውን በእጁ ነው የሚሰማው። እኔ ግን ሞተሩን አልነበረም የማየው። የእጁ ቆዳ አጥንቱ ላይ ተለጥፎ፣ ቀለበቱ እስከ መገጣጠሚያው ሲንሸራተት ነበር የማየው። "እንሂድ" አልኩት። "በዚህ ሳምንት ትሬለር ተከራይተን እንውሰዳት።"

ዓይኑን ሳይገልጥ "ብሮንዚናዎቹ ደክመዋል" አለ። ብሮንዚና የሞተሩ ዋና ዘንግ ተቀምጦ የሚሽከረከርባቸው ግማሽ ቀለበት የሚመስሉ ስስ ብረቶች ናቸው። ሞተሩ ሲግል የዘይቱ ግፊት ትንሽ ወረድ ይላል፣ እኔም አይቼዋለሁ። በእኔ ጋራዥ እንደዚያ ሆኖ የመጣን መኪና መርቄ ነው የምሸኘው።

"ምንም አይሉም አለቃ። አንድ ሰመር ያስኬዱናል።"

"ሐይቁ መሐል ላይ ሞተሩ ነክሶ ቢቆምስ? ይውረድና ይቀየር።"

"ዕቃው እስኪገኝ ነሐሴ ያልፋል እኮ። ለፍልሰታ እንድረስ።"

ያን ጊዜ ዓይኑን ገለጠና ተቆጣ። "ምን ያስቸኩልሃል? ሐይቁ ሊደርቅ ነው? ፍልሰታ እንደሆነች በየዓመቱ አለች። ዘንድሮ በደንብ እንሥራት፣ ለከርሞ ከፋሲካ በኋላ ትገባለች።"

ከርሞ አለኝ። በዚያች ደቂቃ ወደ ግራ ጆሮው ጠጋ ብዬ አንድ ዐረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። አልተናገርኩም። የእትዬ እጅ ክንዴ ላይ ያለ ያህል ተሰማኝ፣ ሐኪሙ ፊት የዋሸሁትንም አሰብኩ፤ አሁን ብነግረው ያንን ውሸት አብሬ ልናዘዝ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ከእሱ ይልቅ ለራሴ ነበር የፈራሁት። "እሺ፣ ይውረድ" አልኩት። ሞተሩን አጠፋሁትና ቁልፍ ላመጣ ገባሁ።

ሐምሌን እንደዚያ አሳለፍነው። አለቃ ከሥራ ቀርቷል፤ "ጨጓራው እስኪሻለው" ብለናል። ጠዋት እትዬ ታመጣዋለች፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ይሰጠኛል። ብሎኖቹን እኔ እፈታለሁ፣ ብሮንዚናዎቹን ግን ያወጣቸው ራሱ ነው። አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ጊዜ ቆየባቸው። ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጣቸው። አዲሶቹን ከስንት ቦታ አፈላልጌ አዘዝኩ፤ ሞተሩ አሮጌ ስለሆነ እንደ ልብ አይገኝም። ከሰዓት በኋላ ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይወስደዋል። የውጪው ፀሐይ ደማቅ ነበር፣ ነፋስ አልነበረም፣ ለጀልባ ከዚያ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? እሱ ያንቀላፋል፣ እኔ የተበተነ ሞተር አጠገብ ቆሜ ቀኖቹን ሳያቸው እውል ነበር።

ፍልሰታን የንስሐ አባቱ እንዳይጾም ከለከሉት። አለቀሰ። ዕቃው የመጣው ከፍልሰታ በኋላ ነው። አዲሶቹን ብሮንዚናዎች ይዤለት ኢስትሙር ሄድኩ፤ አልጋው ላይ ሆኖ ብርሃን ላይ እያገላበጠ አያቸውና "ጥሩ ናቸው፣ ግጠማቸው" አለኝ። ብቻዬን ገጠምኳቸው።

መስከረም ላይ ሐኪም ቤት ገባ። ልጁ ጋሃና አንድ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ነርሷ ስለ አባቷ የመጨረሻ ቀናት ስታናግራት ነው የሰማችው። ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። አማርኛዋ ስትናደድ ይጠፋባታል።

"ጋሼ፣ ሲንስ ዌን?"

"ከግንቦት ጀምሮ ነው የማውቀው" አልኳት።

"ራይቱ ነበር እኮ! ላይፉ ነው! ማነው ፐርሚሽን የሰጣችሁ?"

እናቷ ዝም አሰኘቻት። ልጅቷ እጇን መንጭቃ ክፍሉ ውስጥ ገባች፣ ተከተልናት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ወደ ግራ ጆሮው ጎንበስ አለች። እንደ እኔ ሳይሆን በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ቃሉን ፈልጋ እያገኘች፣ "አባ፣ ጨጓራ አይደለም። ካንሰር ነው። ትሞታለህ። ሶሪ አባ። እነሱ ያውቁ ነበር" አለችው። እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አለቃ የልጁን ራስ ዳበሰ፣ "ጎበዝ" አላት፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ያንን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ብቻዬን ስገባ ነቅቶ ጠበቀኝ። በእጁ ወደ ግራው ጠራኝ።

"ሰኔ ላይ፣ ከርሞ ስልህ፣ ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

ወደ መስኮቱ ስዞር እጄን ይዞ መለሰኝ።

"አሮጌዎቹ ብሮንዚናዎች ያስኬዱ ነበር?"

ለዚህ ጥያቄ መልሱን አውቀው ነበር። የተጠቀለሉትን አውጥቼ በመለኪያ ለክቻቸዋለሁ። ግን ያ የተጎዳ ፊት እያየኝ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ እንዴት ብዬ "አዎ" ልበለው? "አያስኬዱም ነበር" አልኩት። "አንተ ልክ ነበርክ። ሐይቁ መሐል ላይ ይነክሱብን ነበር።"

ራሱን ትራሱ ላይ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰ። "አሁንም ትዋሻለህ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። "በእጄ አይደለም እንዴ ያወጣኋቸው? ጤነኞች ነበሩ። ካወጣናቸው አይቀር አዲስ ይግባ ብዬ ነው። ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነው።"

ይቅርታ ጠየቅሁት። እግሩን ይዤ አለቀስኩ። "ተው፣ ተነሣ" አለኝ፤ ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለኝም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲያ ስለ ጀልባዋ አላነሣንም። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ እያቀፈ "ወንድምህ ነበር፣ እስከ መጨረሻው አልተለየኸውም" ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያን የብርድ ወራት ጋራዤ ጀርባ መሄድ አልቻልኩም። የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ተነሥቼ ሞተሩን ለብቻዬ እንደገና አወረድኩት። ያልተነኩትን አዲሶቹን ብሮንዚናዎች አወጣሁ። ከመደርደሪያው ላይ ጋዜጣውን ፈትቼ አሮጌዎቹን መልሼ ገጠምኩ። ማንም ሜካኒክ እንደዚህ ያለ ሥራ አይሠራም፤ ሠራተኛዬ ቢያደርገው አባርረዋለሁ። መለኪያው ያስኬዳሉ ቢለኝም እኔ ግን ውሃው ላይ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ሐይቁ ላይ ሞተሩ ቢነክስ፣ ፍርስርሱ ቢወጣ፣ ለአለቃ የዋሸሁት የመጨረሻው ውሸት እንኳ እውነት ይሆንልኛል። ሰኔ ላይ ብነግረውም መሄድ አይቻልም ነበር ማለት ነው። ያንን አገኝ ብዬ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ኤሪ ሐይቅ አስገባናት። ልጁ መጣች። ከቀብሩ ወዲህ አናግራኝ አታውቅም፤ ስለ ብሮንዚናዎቹ ግን ነገርኳት፣ ሕይወቷ አብሮ ሐይቅ ላይ ሊወጣ ነውና። ሁሉንም ነገርኳት፣ አባቷ የጠየቀኝን፣ የመለስኩለትን። ሰምታ ስትጨርስ "ኦኬ" ብቻ አለችና ላይፍ ጃኬቷን ለበሰች። እትዬ ግን ከጀልባ ማቆሚያው መድረክ ላይ አልወርድም አለች። ወንበር አምጥተንላት ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። ልጅቷ መሪውን ያዘች፤ እኔ ታች ገባሁ።

የሞተር ክፍሏ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት ጠባብ ናት። ሙቀት፣ የናፍጣ ሽታ፣ ጩኸት። ያን ጊዜ ነው አሥራ አራት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ከላይ ልጅቷ ስትጮህ ይሰማኛል፤ ውሃው ያምራል፣ ወፎች አሉ፣ ዳርቻው ጠፋ ትላለች። እኔ የግፊቱን መለኪያ አፍጥጬ እያየሁ መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳርፌ፣ ውረድ፣ ንከስ፣ ቁም እያልኩ እለምነው ነበር። ሞተሩ ሲግል መርፌዋ ትንሽ ወረድ ብላ እዚያው ቆመች። ልክ ሰኔ ላይ የነበረችበት ቦታ። ሁለት ሰዓት ሄደን ተመለስን።

ሰመሩን ሙሉ በየቅዳሜው ከኮሎምበስ ሁለት ሰዓት እየነዳን ሄድን። መረብ መጎተት ስለማይፈቀድልን በመንጠቆ ነው የምናጠምደው። ለፍልሰታ ዓሣ ይዘን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንደርስ ግማሹ ወሰደ፣ ግማሹ እግዚኦ አለ። እትዬም አንድ ቀን ሳንጠይቃት ጀልባዋ ውስጥ ገባች፤ ከልጇ ጎን ቆማ እስክንመለስ ድረስ ውሃውን አየች። ሞገድ የበዛበት ቀን ነበር፣ ሆን ብዬ ሞተሩን ያለ ዕረፍት ያሠራሁበት ቀን ነበር፣ ከዳርቻው ርቀን ዝናብ የያዘን ቀን ነበር።

ጥቅምት ላይ ከሐይቁ ስናወጣት ልጅቷ ገመዱን እየጠቀለለች ቆየችና "ሶ?" አለችኝ። ስለ ብሮንዚናዎቹ እንደጠየቀችኝ ግልጽ ነበር።

በግራ በኩል ጠጋ አልኳት፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። "ሞተሩ አባትሽን ያደርሰው ነበር" አልኳት። "ሰኔንም፣ ሐምሌንም፣ ነሐሴንም። አንድም ቀን አልቆመም።"